ሠላሳ ሦስት ቁጥር ጎማ እና የእትዬ ከድጃ ሻንጣዎች

ይድረስ ለአባዬ፣

ቁጭ በል። ተኝተህም ከሆነ እንደተኛህ ስማኝ፣ ከባድ መርዶ ይዤ ነው የመጣሁት። በሻርጃ፣ በአጅማንና በዱባይ የምትገኙ ወዳጅ ዘመዶች በሙሉ ስሙ። የነጯ መኪናችን የኋላ ቀኝ ፓራፋንጎ፣ ማለትም ከጎማው በላይ ያለው የቆርቆሮ ቅንድቧ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ጁምዓ ከሶላት በኋላ፣ በአል ተዓውን መንገድ ዳር፣ አራት ሴቶችና አስር ሻንጣዎች በተገኙበት ክፉኛ ተጎድቷል። ለቤተሰቡ መጽናናትን እንመኛለን። ቤተሰቡ እኔ ነኝ። እስካሁን ሊያጽናናኝ የመጣ የለም፤ ሳይሰድበኝ ያለፈም የለም።

አይዞህ፣ ሰው አልሞተም። ከቤታችን የሞትከው አንተ ብቻ ነህ፣ እሱንም ማንንም ሳታማክር።

ከተለየኸን አንድ ዓመት ከአንድ ወር ሆነህ። እማዬ በቀን ትቆጥረዋለች። እኔ በጁምዓ ነው የምቆጥረው፣ ምክንያቱም በየጁምዓው ስልኬ ይጮኻል፤ ወደ አገሯ የምትገባ ሴት ሁሉ ያንተን ቁጥር ጠፍቷል ሲሏት የኔን ትደውላለች። አገር ቤት ቢሆን አፈሩ ይቅለልህ ትባል ነበር። እዚህ አፈር ከየት ይምጣ፣ አሸዋው ይቅለልህ እንጂ። አላህ ይዘንልህ። ይሄን እንኳ ሳልቀልድ ነው የምልህ።

ቤታችን ያው ነው፣ አል ተዓውን፣ ያው ፎቅ፣ ያው በየሳምንቱ የሚበላሽ ሊፍት። እማዬ ኡድ ሜታ ያለው ክሊኒክ ጽዳቷን ቀጥላለች። ትንሿን ክፍል ለሦስት የወሎ ልጆች በቤድ ስፔስ፣ ማለትም አልጋ በአልጋ አከራይታለች፣ ስለዚህ መታጠቢያ ቤት ለመግባት ተራ ይያዛል፤ እኔ ሁልጊዜ መጨረሻ ነኝ። ያንተ ወንበር ላይ የሚቀመጥ የለም። ለክብርህ እንዳይመስልህ፣ እግሩ ተሰብሮ ነው። የሰበርኩት እኔ ነኝ። ለእማዬ ግን አንተ ነህ ብያታለሁ፣ የማያጋልጠኝ ሰው ብፈልግ ካንተ የተሻለ የት አገኛለሁ?

አሁን ወደ ቁልፉ ልምጣ። አርባህ የወጣ ቀን እማዬ የመኪናዋን ቁልፍ ሰጠችኝ። አጎቴ ሰይድ እዚያው ተቀምጦ ነበር። ያው ታናሽ ወንድምህ፣ አጅማን ውስጥ የልብስ ንጽሕና ቤት ቫን የሚነዳው፣ ሲስቅ የሚቀጣ የሚመስለው። እማዬ ቁልፉን እጄ ላይ አድርጋ እጄን አለቀቀችውም። አባትህ ይቺን መኪና ለመዝናናት አልያዛትም አለችኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ሰው ኤርፖርት ሲያደርስ አንዲት ሴት ከአውሮፕላን አስቀርቶ አያውቅም፣ ክፍያውም ዱዓ ብቻ ነበር፣ አንተም እንዲሁ ታደርጋለህ፤ አንዲት ሴት ያስቀረህ ቀን ቁልፉ አጅማን ይገባል አለችኝ። አጎቴ ሰይድ ጉሮሮውን ጠረገ። ቁልፉ ከወዲሁ ኪሱ የገባ ነው የመሰለው።

አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ሰው አላስቀረሁም። ይሄን መጀመሪያ መዝግብልኝ፣ ከዚህ በታች ያለው ጥሩ አይደለም።

ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው እንዳትል። ግማሹ ያንተ ነው። በየጊዜው ሻርጃ ኢንዱስትሪያል ጎማ ለማስነፋት ስንሄድ፣ ጉል ኻን ሱቅ በር ላይ የተደረደሩት ትልልቅ የበረሃ ጎማዎች ጋ ትቆም ነበር፤ ጉል ኻን ያው ሽማግሌው ጎሚስታህ። በሬ ሊገዛ ገበያ እንደወጣ ሰው ዙሪያቸውን ትዞራለህ። ጥርሳቸውን ትነካለህ። ማሻ አላህ ትልና መዳፍህን ጠፍ ጠፍ አድርገህበት ወደ መኪናችን ትመለሳለህ። እኔ መኪና ውስጥ ተቀምጬ እስቅብህ ነበር። አባዬ ወይ ግዛው ወይ ፍታው እልህ ነበር። አንተም ዝም በል ትለኛለህ፣ ፋብሪካው ይቺን ጎማ የሰጣት ሳያስብበት አይደለም ትለኛለህ። እኔ ፈሪ ነህ ብዬ አሰብኩ። ወይም እማዬን ፈርተህ ነው አልኩ።

እና ሙት ዓመትህ ደረሰ። ሰው ለአባቱ ሰደቃ ያወጣል። እማዬም አውጥታለች፣ ሰፈሩ በልቶ ዱዓ አድርጓል። እኔ ደግሞ አባቴ በሕይወቱ ሳያደርገው የቀረውን አደርግለታለሁ አልኩ። ጎማ! ሠላሳ ሦስት ቁጥር፣ ማለት ከመሬት እስከ አናቱ ሠላሳ ሦስት ኢንች የሚሆን፣ ከፋብሪካው ጎማ በቁመትም በወርድም የሚበልጥ፣ ጥርሱ የአዞ። ካየኸው ትነሳለህ ብዬ ሳይሆን አይቀርም፣ እኔ እንጃ።

ጉል ኻን ጋ አልሄድኩም። ለምን በለኝ። ሰውዬው እማዬን ሲስተር እያሉ በየሳምንቱ ይደውሉላታል፣ ምስጢር አይቋጥሩም። ደግሞ ጥያቄ ያበዛሉ። እኔ ደግሞ ጥያቄ የሚያበዛ ሰው ስለማልወድ ነው ዘጠነኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ቤት የወጣሁት። ስለዚህ አጅማን ገባሁ፣ የምሠራበት መኪና ማጠቢያ አጠገብ ጎማና ጌጣ ጌጥ የሚሸጥ ቤት አለ። እዚያ ሁሉም ኢንጂነር የሚለው፣ ፀጉሩን በቅባት የለጠፈ ሻጭ አለ። የት እንደተመረቀ አልጠየቅኩትም። እሱም የት እንደተመረቅኩ አልጠየቀኝም፣ በዚህ ተግባባን።

ያስተማርከኝን የጋራዥ ቋንቋ ይዤ ገባሁና ቸርኬው አይቀየርም፣ ዳዶው ይታይልኝ፣ ሞዞው ይለካ አልኩ። ሰውዬው እንደ ጂን አየኝ። አባዬ፣ ያስተማርከኝ ቋንቋ ከደሴ ጋራዥ ውጪ የሚናገረው የለም፣ ቢያንስ ይሄን ልትነግረኝ ይገባ ነበር። በእጄ እየጠቆምኩ ጨረስኩ።

አንዱን ጎማ በነበረው ቸርኬ፣ ማለት ጎማው በሚጠለቅበት ብረት ላይ አስገብቶ ሞከረው። መሪውን ወደ ግራ ሲያዞረው ጎማው ከውስጥ በኩል ብረት ነካ። ወደ ቀኝ ሲያዞረውም ነካ። ሰፊ ነዋ! የፋብሪካው ቸርኬ ጎማውን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ ነው የሚይዘው። ኢንጂነሩ ሁለት መንገድ ነው ያለህ አለኝ፤ ወይ ቸርኬውን ትጥልና አዲስ ትገዛለህ፣ ወይ ስፔሰር ታስገባለህ። ቸርኬውንማ አልጥልም አልኩት። እነዚያን ቸርኬዎች አንተ በጥርስ ብሩሽ ስታጥባቸው ነው ያደግኩት። የኔን ጥርስ እንኳ እንደዚያ አልተከታተልከውም።

ስፔሰር ማለት፣ ምናልባት እናንተ ጋ ከሌለ፣ ሁለት ጣት የሚወፍር ክብ አልሙኒየም ነው። በሞዞው፣ ማለት ቸርኬው በሚታሰርበት የመኪናዋ ብረት፣ እና በቸርኬው መሃል ይገባል፣ ጎማውን ወደ ውጭ ገፋ ያደርገዋል። ሌላ ምንም አይሠራም። ለዚህም ሰው ሁለት ሰዓት ያወራል። መሃሉ ያለው ቀዳዳ ሞዞው ላይ ልክክ ካላለ መሪው ይንቀጠቀጣል አሉኝ፣ ለክቼ ገዛሁ። ቸርኬውን የሚያስረው ዳዶ በትክክል ጠብቆ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና ይጠበቅ አሉኝ፣ ተመልሼ ሄጄ አስጠበቅኩ። እኔ! ጫማዬን የማላስር ልጅ! መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሬ አየሁ፣ አይነካም። አንዱን ጎማ የመንገድ ጠርዝ ላይ ሰቅዬ አየሁ፣ አይነካም። ስንት ፎቶ እንዳነሳኋት አትጠይቀኝ። ቆማ ስታያት ልትጋልብ የተነሳች ነው የምትመስለው።

አጎቴ ሰይድ አያትና ይሄ ጥርስ ለጭቃ ነው፣ እዚህ አገር ጭቃ የት አይተህ ነው፣ አሸዋ ላይ ጥርስ ይቆፍራል እንጂ አያስኬድም አለኝ። ልክ ነበር። ግን እሱ ልክ ሲሆን ደስ አይልም። እማዬ ደግሞ ከሥራ ስትወጣ ልወስዳት ኡድ ሜታ ሄድኩ። በሩን ከፈተች፣ እግሯን አነሳች፣ አልደረሰም። እንደገና አነሳች። ምን ሆነህ ነው፣ ሚናራ ላይ አዛን ላደርግ ነው እንዴ የምወጣው አለችኝ፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ። በማግስቱ ከቤት የፕላስቲክ በርጩማ ይዤላት ሄድኩ። በርጩማውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ በሜትሮ ሄደች።

ደግሞ ፍጥነት መቁጠሪያው መዋሸት ጀመረ። ጎማው ሲተልቅ መኪናዋ ከምታሳየው በላይ ነው የምትሮጠው። እኔ እየዋሸሁ ኖሬ መኪናዬ ስትዋሽብኝ ማየት እንዴት እንደሚያበሳጭ አሁን ገባኝ። ካሜራ ባየሁ ቁጥር እንደ ኤሊ እሄዳለሁ፣ ከኋላ ያለው ሁሉ ክላክስ ያቀልጥብኛል።

ያም ሆነ ይህ ቆንጆ ናት አልኩ። ጁምዓ መጣ።

እትዬ ከድጃን ታውቃቸዋለህ፣ የኮምቦልቻዋ። አስራ አንድ ዓመት አንዲት ማዳም ቤት ሻርጃ ውስጥ የሠሩት። ሲመጡ የሰባት ዓመት ልጅ ጥለው ነው የመጡት። ያቺ ልጅ አሁን ልታገባ ነው፣ ኒካሁ እሁድ። እኒህ ሴት ለዚህ ኒካህ ብለው ነው ማዳሟን ለምነው፣ አልቅሰው፣ ቲኬት አስቆርጠው የወጡት። ከዚያ አውሮፕላን ከቀሩ ሌላ ቦታ የሚገኘው ከሰርጉ በኋላ ነው። ሌሎች ሁለት ተጓዦችም ነበሩ፣ አንዲት ሸኚም ነበረች፣ ግን ልቤ የነበረው እሳቸው ጋ ነው።

ሻንጣው አስር ነው። የኛን ሴቶች ሻንጣ ታውቀዋለህ፣ ሻንጣ አይባልም፣ ሻንጣ ውስጥ የገባ ቤት ነው። ይሄ ምንድነው ስላቸው ዋላሂ ልብስ ብቻ ነው ይላሉ። ልብሱ ግን ሲነካ ድስት ድስት ይላል። ብርድ ልብስ፣ ካውያ፣ የወተት ዱቄት፣ ለጎረቤት ልጅ ጫማ፣ ለሙሽራዋ ሙሉ የሸክላ ዕቃ በፎጣ ተጠቅልሎ። ስድስቱን ውስጥ አስገባሁ፣ አራቱን ጣራ ላይ ወጥቼ አሰርኩ። ከላይ ሆኜ ወደ ታች ጎማውን አላየሁም። ማን ያያል? ላብ ዓይኔ ውስጥ ገብቷል፣ አንዷ ያ ሻንጣ ይገለበጥ ትላለች፣ ሌላዋ አትገልብጠው ሽቶ አለው ትላለች።

አባዬ፣ መኪናዋን የሞከርኳት ባዶዋን ነው። ኢንጂነሩ በረሃ ትሄዳለህ ወይ አለኝ፣ ድንኳን ትይዛለህ ወይ አለኝ፣ ተራራ ትወጣለህ ወይ አለኝ። ስንት ሻንጣ አለህ ያለኝ የለም።

ከሰፈራችን ወጥተን ሦስት መቶ ሜትር እንኳ ሳንሄድ፣ መንገዱ ላይ ያለችውን እብጠት ስናልፍ፣ ከኋላ ኽርርርር አለ። እትዬ ከድጃ ከት ብለው ሳቁ። አንተ ሙሄ፣ ያቺን ጠጠር ዛሬም አስገባሃት፣ አውጣት አሉኝ። የጠጠሩን ነገር መቼም አትረሳውም። የጎማህ ክዳን ውስጥ ጠጠር ከትቼብህ፣ አንተ ሁለት ቀን ሙሉ መኪናዋ ታማለች ብለህ ከአል ቁዝ እስከ አጅማን ሜካኒክ ስታስስ፣ እኔ ጎንህ ተቀምጬ አዎ አባዬ ኩሽኔታ ሳይሆን አይቀርም ስልህ። ያወቅክ ቀን ጫማህን ወርውረህ ሳትከኝ፣ ከዚያ ራስህ ለሰፈሩ ሁሉ እየሳቅህ አወራኸው። ማውራትህ ነው የገደለኝ። ዋላሂ ጠጠር አይደለም አልኳቸው። አባትህንም ዋላሂ ብለህ ነው ያስዞርከው አሉኝ። እማዬ ትሙት አልኩ። እናትህ ምን አደረገችህ አሉኝ። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ አላመነኝም። የተቃጠለ ጎማ ሽታ እስኪገባ ድረስ ሳቁብኝ።

ቆምኩ። ወርጄ አየሁት። መኪናዋ በጭነቱ ኋላዋን ቁጭ አድርጋለች። ያ የተመካሁበት ስፔሰር ጎማውን ወደ ውጭ ገፍቶታል፣ ፓራፋንጎው ደግሞ ወርዶ እላዩ ላይ ተቀምጦበታል። የቆርቆሮው ጠርዝ ጎማውን እንደ አይብ ሲፍቀው ነው የመጣው። ከውስጥ እንዳይነካ ያደረግኩት ከውጭ አስነካው። እንግዲህ ለዚህ ነው ሁለት ሰዓት የተወራው።

ሙቀቱን አልነግርህም። ሻንጣ ማውረድ ጀመርኩ። ሴቶቹ መንገድ ዳር ሻንጣቸው ላይ ተቀመጡ፣ መኪና ያለፈ ሁሉ ቀስ ይልና ያያል። ታክሲ አቆምኩ፣ ሻንጣውን አየና ሄደ። ሁለተኛው ገና ሳይቆም ሄደ። አንደኛዋ ልጅ ጎማውን አስተንፍሰው አለችኝ። ሌላዋ ሁላችንም በግራ በኩል እንቀመጥ አለች። ሦስተኛዋ ለኤጀንሲው ትደውላለች፣ ኤጀንሲው ምን እንዲያደርግ እንደሆነ አላህ ይወቅ። እትዬ ከድጃ ግን ፓስፖርታቸውን በሁለት እጃቸው ጡታቸው ሥር ይዘው፣ ትልቁ ሻንጣ ላይ ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በመጨረሻ አባትህ ቢሆን ኖሮ አሉና አልጨረሱትም። ይሄን ነገር የሚጀምር ሰው ለምን አይጨርሰውም? ሁሉም እዚያች ላይ ነው የሚያቆሙት።

አጅማን መደወል ነበረብኝ። አውቄዋለሁ፣ ቆሜ ግን ስልኩን አየሁት። ልደውል ካልኩ አጎቴ ሰይድ መጥቶ ጉዴን ያያል፣ ቁልፉ የሱ ይሆናል። አልደውል ካልኩ እትዬ ከድጃ ይቀራሉ፣ ቁልፉ የሱ ይሆናል። ስለዚህ ቁልፉ ሄዷል ማለት ነው። ቀሪው ጥያቄ ሴትዮዋ ይሄዳሉ ወይስ አይሄዱም የሚለው ብቻ ነው። አባዬ፣ ያንን ለማሰብ የወሰደብኝ ጊዜ ያሳፍረኛል። ረጅም አልነበረም፣ ግን ነበረ።

ደወልኩ። አጎቴ ድረስልኝ፣ ጎማዬ ተበላ፣ ሰው ከአውሮፕላን ሊቀርብኝ ነው አልኩት። ዘጋብኝ። ባለፈው ዓመት ቫንህን ሊጎትቷት ነው ብዬ በውሸት ከሶላት መልስ በካልሲ ያስሮጥኩት አልለቀቀውም። እንደገና ደወልኩ፣ ለሱም ያንኑ ዋላሂዬን ስለው እንደገና ዘጋ። በሦስተኛው እትዬ ከድጃ ስልኩን ከእጄ ቀሙኝና ሰይድ፣ ከድጃ ነኝ፣ ልጄ እሁድ ናት አሉት። ይቺን ብቻ። መልሰው ሰጡኝ። እኔ እንደዚያ አጭር ተናግሬ ተሰምቼ አላውቅም።

ከአጅማን እንዴት እንደመጣ አላውቅም፣ በዚያ መንገድ፣ በጁምዓ። ቫኑን ከፈተው፣ ውስጡ ገና የተተኮሰ ነጭ ከንዱራ፣ ያው የአረቦቹ ረጅም ቀሚስ፣ ከዳር እስከ ዳር ተሰቅሏል። ሻንጣዎቹን ከከንዱራዎቹ ሥር ደረደርናቸው፤ ሃያ አረቦች ቆመው የሚጠብቋቸው ነበር የሚመስለው። እትዬ ከድጃ ገቢና ወጡ። አጎቴ ሰይድ መጨረሻ ላይ ወደ መኪናችን ሄደ፣ ጎንበስ ብሎ ጎማውን አየ፣ ፓራፋንጎውን በጣቱ ዳሰሰ፣ ቀና ብሎ አየኝና ማሻ አላህ አለ። ከዚያ በላይ ስድብ ካለ ንገረኝ።

የቀሩትን ሴቶች ጭኜ ተከተልኩት። ታዲያ ምን ሆነች መሰለህ? አትነካም! ሻንጣው ከወረደ በኋላ አንድ ድምፅ የለም። መሪዋ ለስላሳ፣ መንገዱ ከሥሯ ሐር። በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ።

ደረሱ። ኤርፖርት የሻንጣ መቀበያው ጠረጴዛ ሊዘጋ ሲል፣ የመጨረሻዋ ተጓዥ እሳቸው ነበሩ። ከመግባታቸው በፊት እዚያው ሰው መሃል ቆመው እጃቸውን ዘረጉ። ለአጎቴ ሰይድ ረጅም ዱዓ አደረጉ፤ ለጤናው፣ ለቫኑ፣ ለልጆቹ። ወደ እኔ ዞሩና ለዚህ ደግሞ አላህ ልብ ይስጠው አሉ። የማናውቀው የሶማሊያ ቤተሰብ ሳይቀር አሚን አለ።

ማታውን አልጠበቅኩም፣ በቀጥታ ኡድ ሜታ ሄጄ እማዬን በሥራ ልብሷ እንዳለች ቁልፉን እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። ሁሉንም ነገርኳት። አልቀለድኩም። እሷም አልጮኸችም። አልቀሩምኮ አለችኝ። እኔ አይደለሁም ያደረስኳቸው አልኳት። ቁልፉን የመጥረጊያ ኪሷ ውስጥ ከተተችው፣ በማግስቱ አጅማን ገባ።

የሚቀጥለው ጁምዓ አጎቴ ሰይድ በቫኑ አደረሰ፣ ሁለት ልጆች ብቻ ነበሩ። ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ ቁልፉን ጠረጴዛችን ላይ ወረወረው። ኸላስ፣ በቃኝ አለ። አንዷ ቻርጀር ረሳሁ ብላ ከግማሽ መንገድ መልሳዋለች። ሌላዋ ኤርፖርት በር ላይ ደርሳ እህቴን ሳልሰናበት ብላ አልቅሳለች። መንገዱን ሙሉ ዘፍነዋል። ይሄ ሹግል፣ ይሄ ሥራ፣ ሾፌር አይፈልግም፣ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው፣ ትዕግሥት ደግሞ ከዚህ ቤት ወጥቶ ተቀብሯል አለ። ይሄን እንዳለ ሻይ አምጡ ብሎ ጮኸብን። እማዬ ቁልፉን ወደ እኔ ገፋችው። ጉል ኻን ጋ ሂድ፣ መኪናዋን ወደነበረችበት መልሳት፣ ከዚያ ያዛት አለችኝ።

ሄድኩ። የድሮ ጎማዎችህን ጣራ ላይ ጭኜ። ሽማግሌው መኪናዋን በክሪክ አንስተው ስፔሰሮቹን አወጡ። ጨርሰው እጃቸውን እየጠረጉ ስንት ሻንጣ ነበር አሉኝ። አስር አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። አባትህም አስር ነበር የሚለኝ አሉ።

አባዬ፣ ለካ በየዓመቱ ትጠይቃቸው ኖሯል። ክረምት ሊገባ ሲል እየሄድክ፣ ይቺን ሠላሳ ሦስት ላድርግላት ትላቸዋለህ። እሳቸው ስንት ሻንጣ ይሉሃል። አስር ትላለህ። አይሆንም ይሉሃል። አንድ ዓመት ስምንት ቢሆንስ ብለሃቸዋል። ስምንትም አይሆንም አሉህ። ሴቶቹን ሻንጣ ቀንሱ በላቸው ብለውህ፣ አንተ ሳቅህና እነዚህ ሴቶች አስር ዓመት ሠርተው አስር ኪሎ ይዘው ይግቡ እንዴ አልካቸው። ከዚያ ጎማውን ጠፍ ጠፍ አድርገህ ሄድክ። እኔ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ እስቅብሃለሁ። ፈሪ እልሃለሁ።

ለምን አልነገርከኝም? አንድ ቃል! ከጎንህ ተቀምጬ እኮ ነበር፣ እጅህ በደረሰበት። ሁሉን ነገር የምታወራ ሰው፣ የጠጠሩን ወሬ ለሻርጃ ሁሉ ያዳረስክ ሰው፣ ይቺን ምን ብለህ ዋጥካት? የምወደውን ለነሱ ብዬ ተውኩት ማለት አሳፈረህ? ሞተህ እንኳ ታናድደኛለህ።

እሺ። መርዶ ብዬ የጀመርኩት ይኸው ነው፣ ሲፈተሽ ትንሽ ነገር ሆኖ ተገኘ። ከፓራፋንጎው የተላጠው ቀለም አውራ ጣት አያክልም፣ ጉል ኻን በብሩሽ ነካ አድርገውት ካልነገሩህ አታየውም። እትዬ ከድጃ ልጃቸውን ድረዋል፣ ከሸክላው የተሰበረው አንድ ስኒ ነው። ትልልቆቹ ጎማዎች ጉል ኻን በር ላይ ገዢ ይጠብቃሉ። ስፔሰሮቹን እማዬ ወሰደቻቸው፣ ትኩስ ድስት ታስቀምጥባቸዋለች፣ ከገዛኸው ዕቃ ሁሉ የረባው ይሄ ነው ትለኛለች።

አንተን ላለመርሳት ፎቶ ማየት፣ ማልቀስ፣ እንደዚያ ያለው ነገር አይሆንልኝም፣ ታውቀኛለህ። ግን በየዓመቱ ክረምት ሊገባ ሲል ጉል ኻን ጋ እሄዳለሁ። ሠላሳ ሦስት ላድርግላት እላቸዋለሁ። ስንት ሻንጣ ይሉኛል። ዘጠኝ ቢሆንስ እላቸዋለሁ። እሳቸው አይሆንም እስኪሉኝ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ልጅህ ሙሄ